የጋሽ ይርሳው ገመድ

እኛ አገር ዘመድ ልርዳ ብሎ ተነስቶ ፊት ፊት ሲል፣ ሽማግሌዎቹ የሚወረውሯት አጭር ተረት አለች። ሰው ሲሰማት ይስቃል። ባያብል ግን ሲሰማት ጠላውን አስቀምጦ ይወጣል። ተረቷ የተወለደችው በሱ ሰርግ ነዋ።

ሙሽሪት ጥሩወርቅ ያለችው ከተራራው ማዶ ነበር። አንድ ጊዜ ቀን ተቆርጦ፣ የሙሽራው ወገን "ድግሱ አልደረሰልንም" ብሎ አስቀርቷል። አባቷ አያ ፈንቴ እንደ ውርደት ቆጠሩትና በሁለተኛው ቀጠሮ ሽማግሌ ፊት ማሉ፦ "ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልመጣ፣ ልጄ ከቤቴ አትወጣም።"

በሰርጉ ዋዜማ ተራራው ላይ በረዶ ሲወርድ አደረ። ሚያዝያ ላይ እዚያ በር፣ መንገዱ ተራራውን በሚሻገርበት ጠባብ ማለፊያ፣ ከወረደ ጉልበት ድረስ ይከመራል። ሦስት ላንድክሩዘር ተሰልፏል፤ ሁለቱ ሲታጠቡና ሪባን ሲታሰርላቸው ነው ያረፈዱት። የጎማ ሰንሰለት፣ አካፋና መጎተቻ ገመድ ያለው የሙሽራው አጎት የጋሽ ይርሳው መኪና ላይ ብቻ ነው።

የሙሽራው መኪና ሹፌር ሽባባው ቁጢጥ ብሎ፣ በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ጎማውን እያስተነፈሰ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ኋላ ይሁኑ" አለ። "ባለ ገመድ ከኋላ ሆኖ የሰመጠውን ያወጣል።"

"የሙሽራ አጎት ሆኜ ጭራ ልሁን? ያንተን አቧራ ልቃም?"

"በረዶ ምን አቧራ አለው ጋሼ?"

"አፍህን እንደ ጎማው አስተንፍሰው።"

ሁሉም ሳቀ። ሽባባው ወደ ባያብል ዞሮ "አንተ ንገራቸው እንጂ" አለው። ባያብል ነገሩ ገብቶታል። ግን አባቱ ከሞተ ወዲህ ያሳደገው አጎቱ ነው፤ ፊቱ ቆሞ ኋላ ሁን ማለት ከአፉ አልወጣ አለ። ከረባቱን እየነካካ "እሳቸው እንዳሉ" አለና ገባ።

በሩ ላይ ሲደርሱ የጋሽ ይርሳው መኪና በሰንሰለቱ እየቧጠጠ አለፈ። ያለፈበትን ደግሞ አቡክቶት ሄደ። የባያብል መኪና እዚያው ገብታ በሆዷ ተኛች። ሦስተኛው ከኋላ ሊገፋ ሲሞክር እሱም ሰመጠ።

"ክላክስ አድርግ፣ ይስማን" አለ ባያብል።

ሽባባው ክላክሱን ለቀቀው። ከመታጠፊያው ወዲያ ጋሽ ይርሳው ሰማ፤ ደስ አለውና እሱም ጲጲጵ ጲጲጵ እያደረገ መለሰላቸው። የሰርግ መኪና አይደል። እነሱ ባስጮሁ ቁጥር እሱም ያስጮሃል፤ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ስልክ እንደሆነ እዚያ ተራራ አይሠራም።

ሚዜዎቹ በእጃቸው ቆፈሩ። ለጥሩወርቅ የተገዛውን አዲስ ምንጣፍ ጎማ ሥር አነጠፉት፤ ጎማው በልቶት ዞረ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ባያብል ጫማውን አውልቆ ከነሱፉ ቁልቁል ሮጠ።

ማዶ የሆነውን ኋላ ነው የነገሩት። ጋሽ ይርሳው በእልልታ ገብቶ ዳስ ውስጥ ከክብር ወንበር ተቀምጧል። አያ ፈንቴ "ሙሽራውስ?" ሲሉት፣ "ከኋላዬ ነው፤ ክላክሱን ስሰማ ነው የመጣሁት" ይላል። እንደገና ሲጠይቁት ጉርሻውን ሳያወርድ "ሙሽራ ነው፣ ይኩራ እንጂ" ይላል።

ባያብል ደጃፉ ሲደርስ ፀሐይ ገብታለች። ጥሩወርቅን ጓዳ አስገብተው ዘግተውባታል፤ ልቅሶዋ ደጅ ድረስ ይሰማል።

"አያ ፈንቴ፣ በረዶ ይዞን ነው" አለ። እግሩ ይደማል።

"አጎትህን በረዶ አልያዘውም" አሉት። "ሰው የፈለገው ቦታ ይደርሳል። ሂድ ልጄ።"

ሽማግሌ ቢለምን፣ ሚዜዎቹ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ቢጠይቁ፣ አያ ፈንቴ የማሉትን አላጠፉም። ጥሩወርቅን በዓመቱ ለሌላ ዳሯት።

ያን ማታ ባያብል ገና ደጃፉ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ጋሽ ይርሳው እጁን እየታጠበ ወጣ። የወንድሙን ልጅ ከእግር እስከ ራሱ አየውና "የት ቀርተህ ነው? ስታስጮሁ ደስ ብሏችሁ መስሎኝ" አለ። ባያብል አጠገባቸው የቆመችውን መኪና ብቻ ያያል፤ ገመዱ እንደተጠቀለለ፣ ጠብታ እንኳ ሳይነካው፣ ኋላዋ ላይ ተኝቷል።

የሙሽሪት ወገን የሆኑ አንድ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ገመዱንም ልጁንም ሲያዩ ቆይተው እንዲህ አሉ፦ "ባለገመድ ከቀደመ፣ ባለጉዳይ ሰጠመ።"