ዱካ አንባቢዋ ቀበሮ

አንድ ጊዜ ድርቅ ገብቶ ለአራዊት ሁሉ አንዲት ምንጭ ብቻ ቀረች። ደግነቱ አያቶቻቸው ዋርካ ሥር ምለው ያወረሷቸው ሕግ ነበራቸው፦ ማንም ባልሠራው ጥፋት ከውኃ አይከለከልም፤ የማንንም ዱካ እስከ ጓዳው መከተል ነውር ነው።

ቀበሮ ግን ወደ ንጉሡ ወደ አንበሳ ቀርባ «ጌታዬ፣ ምንጩን የሚያደፈርሰውን ገና ሳያደፈርስ ልያዝልዎት። ብቻውን የሚወጣ፣ አሳብሮ የሚሄድ፣ መሀል ላይ ቆም ቆም የሚል ዱካ የአጥፊ ዱካ ነው» አለችው። አንበሳም ሕጉን ወደ ጎን ትቶ ፈቀደላት። ዱካ ተከታይ ሆኖ የተሾመው አያ ጅቦ ነበር። ከሆዱ በቀር የሚያስብበት የለውም፤ በውኃ ጥም የሚወድቀው ሁሉ ያንተ ነው ተብሏል።

በማግሥቱ አህያን እየነዳ መጣ።

«ሦስቱም ምልክት አለባት! ትከልከልልኝ!»

«ምን አጠፋሁ ጌታዬ? ሕጋችንስ?» አለች አህያ።

«ካላጠፋሽ የምትሄጂበትን ለምን ትደብቂያለሽ?» አለች ቀበሮ።

አህያ ጆሮዋን ጣል አድርጋ «ውርንጭላዬ የሞተበት ቦታ ነው የምሄደው። እያዩኝ ማልቀስ አልችልም» አለች።

ከፊሉ ሳቀ፤ ከፊሉ አንገቱን ደፋ። አንድም የተናገረላት አልነበረም።

«ምልክት ምልክት ነው። ከነገ ጀምሮ ውኃ የለሽም» ብሎ አንበሳ ፈረደ።

ጅብ ደስ ብሎት «ሌላም ይዣለሁ!» አለ። «እሱም ብቻውን ይወጣል፣ ያሳብራል፣ ቆም ቆም ይላል። ተከትዬው ብሄድ፣ ዝንጀሮ የጣለውን ሾላ ሲለቅም አገኘሁት።»

«ማነው እሱ?» አለ አንበሳ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ ጌታዬ! ጥርስዎ ረግፎ የለ እንዴ?»

ቀበሮ ዓይኗን ጨፈነች። አራዊቱ በሳቅ ፈረሱ። አንበሳ በኀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ቀና ሲል ሁሉም አፍጥጠውበታል፤ ላለማየት ፊቷን ያዞረችለት አህያ ብቻ ናት። ከሳቁ ይልቅ ይህ አንጀቱን ቆረጠው።

«እመት አህያ፣ አንቺስ ለምን አትስቂም?»

«ቅድም እኔም እዚሁ ቆሜ ነበር ጌታዬ።»

አንበሳ «አፈርኩ» አለ። «ሕጉ ከእኔም በላይ ነው። የማንም ዱካ አይነበብ። ቀድመሽ ጠጪ።»

«የኔ ምሳስ?» አለ ጅብ።

አህያ ጠጣች፤ አንበሳም ከኋላዋ ተራውን ጠበቀ።

ከዚህ የምንማረው፣ ያላጠፋ እንዳይጠረጠርና ጓዳው እንዳይበረበር የቆመን ሕግ በደካማው ላይ የጣሰም ሆነ ሲጣስ ዝም ያለ ሁሉ፣ የራሱ ገመና የወጣ ዕለት የሚከለልበት እንደሚያጣ ነው።