የአማቱ ላስቲክ

አንድ ዓሣ አጥማጅ ሚስቱ ሞታበታለች። አራት ዓመት የሆናት ልጁ ትርሲት ቀርታለታለች።

ሚስቱ በሕይወት ሳለች ሥራው የሁለት ሰው ነበር። እሱ ጀልባዋን በዝግታ ይቀዝፋል። እሷ ትርሲትን አጠገቧ አድርጋ ከኋላ ተቀምጣ በውሃው ውስጥ የሚጎተተውን ክር በጣቶቿ ትይዛለች። ክሩ ጫፍ ላይ መንጠቆ አለ፤ መንጠቆው ላይ አንድ የበቆሎ ፍሬ። ከመንጠቆው ክንድ ያህል ከፍ ብላ ከቆርቆሮ የተቆረጠች ቅጠል የምትመስል ነገር ውሃው ውስጥ እየተገላበጠች ታብለጨልጫለች። ከእሷም በላይ ክሩን ወደ ጥልቁ የሚያወርድ ከባድ የእርሳስ ብረት ታስሯል። በዚያ ሐይቅ የሚኖረው ብርማ ዓሣ ብልጭታውን አይቶ ይከተላል፤ በቆሎውን ይጎርሳል፤ ይያዛል።

እሷ ከሞተች በኋላ ክሩን የሚይዝለት ሰው አጣ። ስለዚህ ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር አጥብቆ አሰረውና ብቻውን መቅዘፍ ጀመረ። ዓሣው ይነክሳል፤ ክሩ ይወጠራል፤ ሲጎትተው መንጠቆው ባዶ ነው። ክሩ ሳስቶ ነው ብሎ ወፍራም ክር ገዛ። አሁንም ባዶ። ከዚያ የባሰ ወፍራም ገዛ።

“በዚህ ክር በሬ ይታሰርበታል” አለው ሻጩ።

ሐይቁ ውስጥ ግን በሬ አልነበረም።

ቤቱ ውስጥ ምግብ እየጠፋ መሄዱ ተራራውን ተሻግሮ ከሚስቱ እናት፣ ከአማቱ ጆሮ ደረሰ። አንድ ማለዳ በበቅሎ መጡ። ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም።

“ልጄን ቀብሬያለሁ” አሉት። “የልጄ ልጅ ስትራብ ግን ቆሜ አላይም። ዛሬ ይዣት እሄዳለሁ።”

“እማማ፣ እሷንም ከወሰዱብኝ ምን ይቀረኛል?”

“ጀልባህ ይቀርሃል።”

ይህን ብለው የትርሲትን አንድ እጅ ያዙ። እሱም ሌላውን ያዘ። ሁለቱም ሳቡ።

“እጄን!” ብላ ጮኸች ትርሲት።

ደንግጠው እኩል ለቀቋት። መሃላቸው ዱብ ብላ ተቀመጠችና ሁለቱንም በተራ ገላመጠቻቸው።

አጥማጁ ተንበረከከ። “እማማ፣ ዛሬን ብቻ አብረውን ውሃ ላይ ይዋሉ። አንድ ዓሣ ካላወጣሁ ይውሰዷት። ካወጣሁ ይተዉልኝ።”

“አንድ ብቻ?”

“አንድ ብቻ።”

አማቱ ሐይቁን አዩት። “እኔ እኮ ዋና አልችልም።”

“እኔም ዘንድሮ ዓሣ ማጥመድ አቅቶኛል። እኩል ነን።”

ሳቃቸው ሊመጣ ሲል ዋጥ አደረጉት። ጀልባዋ ላይ ሲወጡ በሁለት እጃቸው ጠርዙን ጨበጡ።

“ይሄ ነገር ይገለበጣል?”

“ካልቆሙ አይገለበጥም።”

“አልቆምም። ሞቼ ነው የምቆመው!”

መቅዘፍ ጀመረ። ትንሽ እንደሄዱ አማቱ “ቀስ በል!” አሉ።

“እማማ፣ ከዚህ ቀስ ካልን ቆምን ማለት ነው።”

“ታዲያ ቁም!”

ጀልባዋን ወደ ቀኝ አጠፋት፤ ትንሽ ቆይቶ ወደ ግራ አጠፋት።

“ጠጥተሃል እንዴ? ቀጥ ብለህ አትሄድም?”

“ቀጥ ካልኩ ዓሣው አይመጣም። ስንታጠፍ ክሩ ይረግባል፤ ቆርቆሮዋ ወደ ታች ወረድ ትላለች። ያኔ የተዳከመች ትንሽ ዓሣ ትመስለውና ይነክሳል።”

“የዓሣን ሐሳብ እንዲህ ካወቅህ ለምንድን ነው ቤትህ ባዶ የሆነው?”

አጥማጁ ፀሐይ ስትከር ዓሣው ወደ ታች እንደሚወርድ ያውቃልና ክሩን ጨመረለት። በዚህ መሃል ትርሲት ከበቆሎው ዕቃ እየዘገነች ትበላ ነበር።

“ትርሲት፣ እሱ ለዓሣው ነው!”

“ዓሣው ተወው እኮ። እኔ አልተውኩትም።”

ወዲያው በመታጠፊያው ላይ ክሩ ተወጠረ። አጥማጁ መቅዘፊያውን ጥሎ በሁለት እጁ ጎተተ። ክሩ ድንገት ቀለለ። ባዶ ነበር። በቆሎ ቀይሮ እንደገና ለቀቀው። ብዙ ሳይሄዱ ክሩ እንደገና ተወጠረ። አሁን የባሰ በኃይል ጎተተ። አሁንም ቀለለ።

“ክሩ ተበጠሰ?” አሉ አማቱ።

“አልተበጠሰም።”

“መንጠቆው ታጠፈ?”

“አልታጠፈም።”

“ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው? ወዲህ በለው።”

መንጠቆውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ጫፉ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ቁራጭ ተንጠልጥላለች።

“ይሄ ከንፈር ነው። ዓሣህ ከንፈሩ የሕፃን ነው። አንተ ደግሞ በበሬ ገመድ ትጎትተዋለህ!”

ትርሲት አፏ በበቆሎ እንደሞላ “እማዬ እንደሱ አታደርግም ነበር” አለች።

“እንዴት ነበር የምታደርገው?” አላት አባቷ።

ትንሿን እጇን ወደ ውሃው ዘረጋች። የሆነ ሰው እንደሚስባት ሁሉ እጇን ወደፊት ለቀቀችው፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ መለሰችው።

“እጇ ይሄዳል። ከዚያ ይመጣል።”

አጥማጁ ያን ሁሉ ጊዜ የቀዘፈው ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። እጇን ግን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። የሚያየው ፊቷን ነበር።

“ፊትህን ወደዚያ አዙር” አሉት አማቱ።

“ምን አሉኝ?”

“አዙር አልኩህ!”

አዞረ። ከኋላው ስፌት ሲተረተር ሰማ።

“እምዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?” አለች ትርሲት አያቷን።

“ዝም በይ፣ አንቺ! በቆሎሽን ብይ።”

ዞር እንዲል ሲፈቀድለት አማቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አድርገው አስረዋል። በእጃቸው ከጉርድ ቀሚሳቸው መዘው ያወጡት ላስቲክ አለ። በሁለት እጃቸው ሳቡት፤ ለቀቅ ሲያደርጉት ተመለሰ።

“እንካ። ይሄም ይሄዳል፤ ይመጣል። ወሬ ካወጣህ ግን ወዮልህ!”

ላስቲኩን በጀልባዋ ጠርዝና በክሩ መካከል አሰረው። እንደገና ቀዘፈ። ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ወደ ግራ ታጠፈ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ማዘንበል ጀምራለች። አማቱም “ቀስ በል” ማለት ትተዋል፤ ዓይናቸው ላስቲኩ ላይ ነው። የሚመኙት ምን እንደሆነ ራሳቸውም የሚያውቁ አይመስሉም።

ላስቲኩ ተሳበ።

አጥማጁ እጁን ሲሰድ አማቱ በመዳፋቸው መቱት። “ተወው! እስኪደክመው ተወው!”

ዓሣው ሲሮጥ ላስቲኩ ሄደለት። ዓሣው ሲያርፍ ላስቲኩ መለሰው። አጥማጁ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ከመቅዘፍ ይልቅ መጠበቁ አደከመው። በመጨረሻ ላስቲኩ ረገብ ሲል ክሩን በጣቶቹ ጫፍ ቀስ፣ ቀስ እያለ ሰበሰበ። ብርማው ዓሣ ጀልባዋ አጠገብ ሲደርስ ትርሲት ቅርጫት አቀበለችው። ከሥር አስገብቶ አነሳው።

አማቱ እልል ብለው ብድግ አሉ። ጀልባዋ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች።

“እማማ፣ ይቀመጡ!”

“ነጠላዬን! ነጠላዬን ያዝልኝ!”

እየሳቁ ተቀመጡ። ሦስቱም ውሃ ተረጭቶባቸዋል።

ዳር ወጥተው ዓሣውን ጠብሰው በሉ። አማቱ እጃቸውን ታጥበው “አንድ ብለህ ነበር፤ አንድ አወጣህ” አሉ። “ትርሲት ያንተ ናት።” ዓይናቸውን ግን ከትርሲት ላይ አልነቀሉም።

አጥማጁ ያሸነፈ ሰው ነበር። ዝም ቢል ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን የአማቱን ፊት አየና “ክረምት ሲገባ ሐይቁ ይናወጣል” አለ። “ያኔ እርስዎ ዘንድ ትሂድ። ዝናቡ ሲያባራ ትመለስልኛለች።”

“እንደ ላስቲኩ ትሂድና ትምጣ በለኛ!”

“እንደ ላስቲኩ።”

“በቆሎ አለ እዚያ?” አለች ትርሲት።

የምንወደው ሲያመልጠን የያዝንበት ክር የሳሳ ይመስለናል። ስለዚህ እናወፍረዋለን፤ እናጠብቀዋለን። ብዙ ጊዜ ግን ስሱ ክሩ ሳይሆን የያዝነው ነው። ስስ ነገር ጥቂት ሲለቁለት ይቆያል፤ አጥብቀው ሲስቡት ይቀደዳል። ሁለት ሰው በፍቅር ከሁለት በኩል ቢስበውም ያው ነው። እናንተስ ዛሬ አጥብቃችሁ የያዛችሁት ማንን ነው? እጁን አሞት ይሆን?

ላስቲኩ ጀልባዋ ላይ ቀረ። አማቱ ግን በማግስቱ በበቅሎ ተራራ መውጣት ነበረባቸው። ስለዚህ አጥማጁ በዚያ ቀን ከመተኛቱ በፊት አንድ ሥራ ሠራ። በሬ ከሚታሰርበት ወፍራም ክር ላይ ቆረጠ፤ በመርፌ ቁልፍ እየገፋ በአማቱ ጉርድ ቀሚስ ወገብ ዙሪያ አሳለፈው፤ ጫፍና ጫፉን አወጣ። ከዚያ በሁለት እጁ ሳበና ሞከረው። አልተበጠሰም።