የወንዝ ዳር ጉድጓዶች

በዚያ ጫካ ሥርዓት ነበር፤ አንበሳ ይፈርዳል፣ ቀበሮ ታውጃለች፣ የቀረው ይሰማል። ጉድጓድ ያለው ሁሉ ጉድጓዱን እንዲጠርግ የሚያዝ የቆየ ደንብም ነበር። የሚጠርገው ግን የሚፈራው ብቻ ነበር።

አያ ጅቦ አይፈራም። ባለቤቶቻቸው የሞቱባቸውን የወንዝ ዳር ጉድጓዶች አንድ በአንድ ወርሶ፣ አንዱንም ሳያድርበት፣ በልቶ የተረፈውን ጥንብ ይጥልባቸው ነበር። ጣሪያቸው ተናደ፣ ትል ከአፋቸው ገነፈለ፣ እባብ ገባባቸው። አጠገባቸው የምትኖረው እመት ጃርት ደጇን ብትጠርግ ብትጠርግ የጎረቤት እጣቢ እየወረደ ይሞላባታል። የቆፈረችውን ሥር ከአፏ ስታደርስ ያጥወለውላታል። በክረምት መግቢያ ከነዚያ ጉድጓዶች የወጣ እባብ የበኩር ልጇን ነደፈባት። ቀብራ ስትመለስ በቀጥታ ወደ ሸንጎ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ልጄን የገደለው እባብ ነው፤ እባቡን ያሳደገው ግን የአያ ጅቦ ቸልታ ነው» አለች።

አንበሳ ተቆጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ጉድጓዱን ያገማ ጉድጓዱን ይነጠቃል፤ ከሠፈርም ይባረራል!»

ሸንጎው በእልልታ ተናወጠ። እመት ጃርት የልጇ ደም የተመለሰ መስሏት አለቀሰች።

«ማን ያስፈጽመው?» ስትል ቀበሮ ጠየቀች።

«ሽታን ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?» አለ አያ ጅቦ፣ ከንፈሩን እየላሰ። እውነቱን ነበርና የተቃወመው አልነበረም።

በማግስቱ ከጃርት ደጅ ቆሞ አሸተተ። «ይገማል።»

«የሚገማው ያንተው ነው እንጂ!»

«የቆምኩት ካንቺ ደጅ ነው፤ የሸተተኝም እዚሁ ነው። ውጪ!»

የቀሩ ልጆቿን አስከትላ ወጣች። ከሷ በኋላ ፍልፈል ወጣ፣ ጥንቸልም ወጣች። ባዶ የቀረውን ሁሉ አያ ጅቦ በሕግ ተረከበ፤ እንደ ልማዱም ጥንብ ጣለበት።

መስከረም ሲጠባ ሸንጎ ተጠራ። ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠርጋ «አዲሱ ሕግ ሠርቷል፤ ከወንዝ ዳር አንድም አቤቱታ አልመጣም» ብላ አወጀች። ጭብጨባው ቀለጠ።

እመት ጃርት ከኋላ ተነሣች። «ጌታዬ፣ አቤት የሚል ማን ቀረና?»

ጭብጨባው ቆመ። አንበሳ ወደ አያ ጅቦ ተመለከተ። አያ ጅቦ አንገቱን ዘርግቶ አየሩን በረጅሙ ሳበና ቀስ ብሎ፣ «ይህ ጥያቄ ይሸታል» አለ።

ሸንጎው በሙሉ፣ አብራት የተባረረችው ጥንቸል እንኳ ሳትቀር፣ አፍንጫውን ያዘ።