የትርንጎ አልጋና መደብ

ተረት ተረት!

«የልጅ መኝታ የተሠራበት!»

እሰይ፣ እንዲህ ጮክ በሉልኝ እንጂ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ እግርሽን ሰብሰብ አድርጊና ለታናሽሽ ቦታ ልቀቂለት። እንዲያ ነው።

በድሮ ዘመን ትርንጎ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከእናቷ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ቆም አለችና ጠየቀች፦

«እምዬ፣ እኔ ባልወለድ ኖሮ አንቺና አባዬ በምን ትጣሉ ነበር?»

እናትየው እናንዬ ትባላለች።  

ይህን የመሰለ ጥያቄ ከልጅ አፍ ከየት መጣ ትሉኝ ይሆናል። ከሥሩ ጀምሬ እነግራችኋለሁ።

እናንዬና ባሏ ደምለው ከተጋቡ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ ሳያገኙ ኖሩ። እናንዬ ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች። ለቤተ ክርስቲያኗ ጥላ አስገባለሁ እንዳትል አቅም የላትም። ስለዚህ «በየወሩ በአሥራ ስድስት ደጅሽን እጠርጋለሁ» ብላ ተሳለች። ጠረገችና ጠረገች። በአሥረኛው ዓመት ትርንጎ ተወለደች። ደምለው ደጅ ወጥቶ እልል አለ። «ኧረ ወንድ ልጅ እልል አይልም» ቢሉት «ዛሬ ይላል» አላቸው።

ከዚያም ልጅቱ በእናትና በአባቷ መካከል እየተኛች አደገች። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ መኝታቸውም ከግድግዳው ጋር የተሠራ የጭቃ መደብ ነው። ትርንጎ ሰባት ዓመት ሲሞላት እግሯ ረዘመ። አንዱ እግሯ የአባቷን ሆድ ይመታል፤ አንዱ የእናቷን ወገብ ይረግጣል። አንድ ጠዋት ደምለው ጎኑን እያሻሸ ተነሣና፦

«እናንዬ፣ ይቺ በቅሎ የራሷ ክፍል ያስፈልጋታል» አለ።

«ያስፈልጋታል» አለች እናንዬ።

እስከዚህ ተስማሙ። ከቤቱ ጎን እንጨት አቆሙ፣ ማገር አሰሩ፣ ጭቃ መረጉ፣ ሣር ከደኑ። ሁለቱም እየዘፈኑ ነው የሠሩት። ጠቡ የመጣው ክፍሉ ካለቀ በኋላ ነው። ውስጡ ምን ይግባ?

«አልጋ» አለ ደምለው። «ባለ አራት እግር፣ የዋንዛ እንጨት፣ በጠፍር የተወጠረ።»

ጠፍር ታውቃላችሁ አይደል? የበሬ ቆዳ እንደ ገመድ ይተለተልና አልጋ ላይ ይወጠራል። እሱ ነው።

«መደብ» አለች እናንዬ። «ከኛ ግድግዳ ጋር የተያያዘ፣ ዝቅ ያለ መደብ። ላዩ ላይ ቁርበት አነጥፍላታለሁ።»

«መደብማ እኛም አለን። ልጄ ከኛ ትሻል እንጂ።»

«ከመደብ ወድቆ የተሰበረ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?»

«አልጋ ያለው ሰው ሁሉ ሰባራ ነው?»

«በአልጋ ሥር ነፋስ ይገባል። አይጥም ይገባል።»

«አይጥ ከገባ ድመት እናስገባለና!»

«ድመቷስ የት ልትተኛ ነው? ለእሷም አልጋ ልታሠራላት ነው?»

ደምለው መልስ ሲያጣ ተነሥቶ የመውጣት ልማድ ነበረው። ተነሥቶ ወጣ።

የወጣውም በቀጥታ ወደ አናጢው ወደ አያ ፈጠነ ነው። አያ ፈጠነ ስሙ ነው እንጂ እሱ እንኳ አይፈጥንም፤ አንድ በርጩማ ሠርቶ እስኪያስረክብ የጀመረለት ሰው ቆሞ መዋል ይለምዳል።

«ርዝመቱ ምን ያህል ይሁን?» አለው አያ ፈጠነ።

«አራት ክንድ።»

«ልጅህ ሰባት ዓመቷ ነው ወይስ ሰባት ናቸው?»

«ታድጋለች፣ አያ ፈጠነ።»

«እግሩስ?»

«ከፍ ይበል። እስከ ወገቤ።»

አያ ፈጠነ ራሱን ነቀነቀና መጥረቢያውን አነሣ።

እናንዬም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ደምለው ገበያ የወረደ ዕለት ቀሚሷን ወደ ላይ ሸብ አደረገችና አፈር ቆፈረች፣ ውኃ ቀዳች፣ ጭቃ ረገጠች። በዚያ አገር ጭቃውን የሚረግጥ ወንድ ነው፤ የሚለስን ሴት ናት። እሷ ግን ሁለቱንም ለብቻዋ ያዘችው። ባሏ ሳይመለስ እንድትጨርስ ስለቸኮለች ጭዱን አሳነሰችው። ከዚያም መደቡን ከግድግዳው ጋር አያይዛ ሠራችው፤ በመዳፏም ለሰነችው።

ማታ ደምለው ከገበያ ሲመለስ ከአያ ፈጠነ ጋር የአልጋውን እንጨት ተሸክመው መጡ። እናንዬ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆኖ ከትንሿ ክፍል ወጣች። በሩ ላይ ተገጣጠሙ። እሱ እጇን አየ። እሷ አልጋውን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ያ ምንድን ነው?» አለ።

«ልጄ አልጋ ልትወጣ ነው ወይስ ዛፍ?»

«መሰላል እሠራላታለሁ!»

«መሰላል! ዶሮ ናት?»

አያ ፈጠነ ጫፉን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠና «እኔ ልሂድ፣ ላሜ ሳትታለብ መሸ» አለ። ላም እንኳ አልነበረውም።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ባልና ሚስቱ ተኳረፉ። የሚነጋገሩት በትርንጎ በኩል ሆነ።

«ትርንጎ፣ ራት ቀርቧል በይው አባትሽን።»

አባትየው አጠገቧ ነው የተቀመጠው።

«አባዬ፣ ራት ቀርቧል።»

«ጨው አንሷል በያት።»

«እምዬ፣ ጨው አንሷል።»

«ሰምቻለሁ በይው።»

ትርንጎ እንጀራውን መጉረስ ትታ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ስትዞር ወጡ ይቀዘቅዛል።

ጠፍር የሚወጠረው ለሁለት ነው። ቆዳው ውኃ ውስጥ ይነከርና ይለሰልሳል። ከዚያም ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይይዛል። የባልና የሚስት ሥራ ነው። ደምለው ግን በኩርፊያ ብቻውን ወጠረው። በአንድ በኩል ጎትቶ በእግሩ ረገጠና ወደ ማዶ ዞሮ ጎተተ። እንዲደርቅለትም ጥላ ሳይፈልግ ፀሐይ ላይ አቆመው። ጠፍሩ ሲደርቅ እየተኮማተረ እንጨቱን ጠመዘዘው። አልጋው ሦስት እግሩ መሬት ይዞ አንዱ አየር ላይ ቀረ።

የእናንዬም መደብ አላማረም። ጭዱ አንሶታልና ተሰነጣጠቀ። እሷም ደርቆ እስኪያበቃ ሳትጠብቅ ቁርበት ጣል አደረገችበት። ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

በዚያች ትንሽ ክፍል በአንድ በኩል አንካሳ አልጋ፣ በሌላ በኩል እርጥብ መደብ ቆሙ። በመካከላቸው ያለው ቦታ ለአንዲት ልጅ መቆሚያ ብቻ ይበቃል።

አሁን ትርንጎ የት ትተኛ? ልጅቱ ሁለቱንም ትወዳለች። አባቷ መጥቶ «እንዴት ነው አልጋው?» ሲላት፣ ላዩ ላይ ተዘርግታ «ደስ ይላል አባዬ» ትለዋለች። አልጋው ቋ! ይላል። አባቷ ሲወጣ ወርዳ መደቡ ላይ ትተኛለች። እናቷ መጥታ «መደቡስ እንዴት ነው የኔ ዓለም?» ስትላት «ይሞቃል እምዬ» ትላታለች። ጎኗ እርጥብ ነው። ወላጆቿ ደግሞ ልጃችን ተኝታ ይሆን እያሉ በየተራ ተነሥተው ያዩዋታል። ስለዚህ የአባቷን ሳል ስትሰማ ዘላ ወደ አልጋው ትወጣለች፤ የእናቷን ኮቴ ስትሰማ ዘላ ወደ መደቡ ትወርዳለች። ስትወጣና ስትወርድ ይነጋል።

እንዲህ እያለች ዘጠኝ ቀን ሆናት። ዓይኗ ጎደጎደ፣ ፊቷ ጠቆረ። እናቷ መድኃኒት አጠጣቻት። አባቷ ወተት አጠጣት። ሁለቱም የየራሳቸውን ሰጧት፤ ምን እንደጎደላት ግን አላወቁም።

ወሩ ገባና አሥራ ስድስት ሆነ። እናንዬ ትርንጎን ይዛ ደጁን ልትጠርግ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ጠርጋ ጠርጋ ዞር ስትል ልጇ የለችም። ብትፈልጋት በተጠረገው ቅጠል ክምር ላይ ተደፍታለች። እናንዬ መጥረጊያዋን ጥላ ሮጠች። «ልጄን! ልጄን!» አለች። አገላብጣ ስታያት ልጅቱ ተኝታለች። ብትጠራት አትሰማም፤ ብትነቀንቃት አትነቃም። በስንት ጥሪ ዓይኗን ገለጥ አደረገች።

ያን ጊዜ ነው እጇን ይዛ ስትመልሳት፣ መንገድ ላይ ያቺን ጥያቄ የጠየቀቻት። «እኔ ባልወለድ ኖሮ በምን ትጣሉ ነበር?» ያለቻት።

እናንዬ መንገዱ ዳር ተቀመጠችና ልጇን ፊት ለፊቷ አቆመች።

«ትርንጎዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም። ማታ ማታ የት ነው የምትተኚው?»

ልጅቱ አሰብ አደረገችና፦

«ለአባዬ አልጋ ላይ እተኛለሁ» አለች። «ላንቺ መደብ ላይ እተኛለሁ። ለራሴ ግን ገና አልተኛሁም።»

እናንዬ ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠቻትና «እዚህ ላይ ውጪ» አለቻት። የሰባት ዓመት ልጅ አዝላ ዳገቱን ወጣች። ትርንጎ ገና ዳገቱ ሳያልቅ እናቷ ጀርባ ላይ ተኛች። እናንዬም ቤት ገብታ በአሮጌው በራሳቸው መደብ ላይ አስተኛቻትና ነጠላዋን አለበሰቻት።

ደምለው ከእርሻ ሲገባ ጠቋሚ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ተቀበለችው።

«ደምለው» አለችው ቀስ ብላ።

ስሙን ከአፏ ሲሰማ ደነገጠ። «ምን ሆነች?»

ልጅቱ ያለችውን ነገረችው። ደምለው የያዘውን ሞፈር ግድግዳው ላይ አስደገፈና እዚያው በሩ ሥር ተቀመጠ። 

«መውደቋን አልነበረም የፈራሁት» አለች እናንዬ። «መደቡን ከኛ ግድግዳ ጋር ካያያዝኩት፣ በዚህ በኩል ጆሮዬን ባስጠጋ ትንፋሿን እሰማለሁ ብዬ ነው። ዘጠኝ ዓመት የለመንኳት ልጅ ከጎኔ ስትነሣ ጎኔ በረደኝ።»

ደምለው መሬት መሬት እያየ፦

«እኔ ጥጃ አጠገብ ጭድ ላይ ነው ተኝቼ ያደግሁት» አለ። «ጥጃው ጆሮዬን እየላሰ ነበር የሚቀሰቅሰኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ልጆቹ ከጸጉሬ ላይ ጭድ እየለቀሙ ይስቁብኝ ነበር።»

«ነግረኸኝ አታውቅም እኮ።»

«ምን ብዬ? ጥጃ እየላሰኝ ነው ያደግሁት ልበልሽ?»

እናንዬ ሳቋ መጣ። ልጅቱን እንዳትቀሰቅስ ነጠላዋን ብትሻ ልጅቱ ለብሳዋለች፤ አፏን በመዳፏ ያዘች። ደምለውም ሳቀ። ከዚያም ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በቃ መደቡ ይሁን» አለ ደምለው።

«አይ፣ አልጋው ይሁን» አለች እናንዬ።

«መደቡ ይሁን አልኩሽ እኮ!»

«እኔስ አልጋው ይሁን አላልኩህም? አንተ ሰው፣ ምን ያለኸው ግትር ነህ!»

ድምፃቸው ከፍ ሲል ትርንጎ ተገላበጠች። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። እንደገና እስክትረጋ ድረስ እንደ ሌባ ቆመው ጠበቁ። ያን ማታ እነሱ ወለሉ ላይ አጎዛ አንጥፈው ተኙ።

በማግሥቱ ጠዋት እናንዬ ወፍ ሳይንጫጫ ተነሣች። ወደ ምሥራቅ ዞራ አማተበች፤ ጸሎቷንም አደረሰች። ከዚያም ወደ ትንሿ ክፍል ገብታ የጠላችውን አልጋ በጎኗ እየገፋች ወደ ደጅ አወጣችው። የደረቀውን ጠፍር አንድ በአንድ ፈታችና የከብቶቹ ገንዳ ውስጥ ነከረችው። የክፍሏንም በር ወለል አድርጋ ከፈተች፤ መደቡ ይድረቅ፣ ለመቀመጫ ይሆናል አለች።

ደምለው ዓይኑን እያሻሸ ሲወጣ፣ ሚስቱ የለሰለሰውን ጠፍር ጫፍ ይዛ ከአልጋው ወዲያ ማዶ ቆማለች።

«ና ያዝ» አለችው።

«እግሩን አሳጥረዋለሁ» አላት። «መጋዝ ላምጣ።»

«መጋዝ ይጮኻል። እሱ ስትነሣ ይደርሳል።»

ደምለው መጣና ፊት ለፊቷ ቆመ። ጫፉን ያዘ።

«ሳብ» አለችው በሹክሹክታ።

ሳበ።

«ያዝ።»

ያዘ። ጥላ ሥር ሆነው እሷ ስትስብ እሱ ይይዛል፤ እሱ ሲስብ እሷ ትይዛለች። «ሳብ»፣ «ያዝ»፣ «ሳቢ»፣ «ያዢ» እያሉ፣ ሁሉንም በሹክሹክታ። አያ ፈጠነ በዚያ ሲያልፍ «ደህና አደራችሁ!» ብሎ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ሁለቱም እጃቸው ጠፍር ይዟልና በዓይናቸው ገሠጹት። እሱም በእግሩ ጣቶች እየሄደ አለፈ። ፀሐይም ወጥታ በበሩ ገባች፤ ነጠላው ላይ ወጣች፤ የልጅቱ ጉንጭ ላይ ደረሰች። ትርንጎ ግን አልነቃችም። ለራሷ ተኝታለች።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ፤ ሳወራም ጉሮሮዬ ደረቀ። በሉ ከያዛችሁት ሙልሙል ዳቦ ቆረስ አድርጉና አጉርሱኝ፤ የሰማችሁትንም ነገ ላልሰማ ንገሩልኝ።