ጃርት የቀረጸው አንበሳ

ድሮ፣ አውሬ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ስሙን እኔም በማላውቀው አገር አንድ ጃርት ይኖር ነበር። በዚያ ስለታም ጥርሱ እንጨት እየፈለፈለ ያሻውን ምስል ያወጣ ነበር። ግን ማን ይይለት? ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ነው። «ይህን ሁሉ የምለፋው ምስጥ እንዲያይልኝ ነው እንዴ?» እያለ ይብሰለሰል ነበር።

አንድ ጊዜ ከወደቀ ዋንዛ ላይ አንበሳ መቅረጽ ጀመረ። ጎፈሩ ወጣ፣ ደረቱ ወጣ፤ እግሮቹ ግን ገና ከግንዱ አልተላቀቁም። እንጨቱ እርጥብ ስለነበረ፣ በየቀኑ ትንሽ ቀርጾ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ፍግ ውስጥ ይቀብረዋል።

ጦጣ በዚያ ስታልፍ ጠራት። ወይ የዋህነት!

«እመት ጦጣ፣ እስቲ ነይ ይህን እዪልኝ። አላለቀም፤ ግን እዪልኝ።»

«አንተ! እንዲህ ያለ ጥርስ ይዘህ ጉድጓድ ውስጥ ትደበቃለህ?» አለች። «እኔ ዛፍ ላይ ወጥቼ ስጮህ አገር ይሰማል። ቅዳሜ ገበያ ላውጣልህ፤ አያ አንበሶም ይመጣል።»

«ሲያልቅ! ሲደርቅ!» አላት ጃርት።

«እሺ፣ ሲያልቅ» አለች። ሌባ መቼ እምቢ ብሎ ያውቃል!

ቅዳሜ ጧት ጃርት ለምግቡ ሥር ቆፍሮ ሲመለስ ፍጉ ተበትኗል፤ አንበሳው የለም። ደሙ ፈላ። እሾሁ ቆመ። እየተንገዳገደ ወደ ገበያ ሮጠ።

እዚያ ምን ይይ? ጦጣ ሥራውን ሁለት ዝንጀሮ አሸክማ አምጥታ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አቁማዋለች። «እዩልኝ፣ ስሙልኝ፣ የእጄ ሥራ ነው!» ትላለች።

ጃርት ሕዝቡን ጥሶ ገባ። «ይህች ሌባ! ሥራው የእኔ ነው! ገና እርጥብ ነው፣ ከፀሐይ አንሱት፣ ይሰነጠቃል!»

ጅብ «ቅናት ነው» አለ። አህያ «ቅናት ነው» አለች። ነገሩን ያልሰማችው ፍየል ሳትቀር «ቅናት ነው» አለች። አያ አንበሶ የገዛ መልኩን እያየ ፈዞ ነበርና ዞር እንኳ ሳይል «ዝም በል!» አለው። ጃርት ግንዱን ወደ ጥላ ሊጎትት ሲል ጅብ በእርግጫ መልሶ ጣለው። ይህን ባወራሁ ቁጥር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ፣ ጧ! አንበሳው ከግንባሩ እስከ ደረቱ ተሰነጠቀ።

አያ አንበሶ አገሳ። «ፊቴን ለሁለት የከፈለው ማነው? የማን ሥራ ነው ይህ?»

«እኔ የለሁበትም ጌታዬ!» አለች ጦጣ ወደ ኋላ እያፈገፈገች። «የጃርት ነው! የእኔ ነው እያለ ሲጮህ ሰምተውት የለም?»

ጃርት «አይደለም» ቢል ነፍሱን ያድን ነበር። እሱ ግን ስንጥቁን እየዳሰሰ አለቀሰ።

«የእኔ ነው» አለ። «ሲያምርም የእኔ ነበር፣ ሲሰነጠቅም የእኔ ነው። ከፈለጉ ይብሉኝ።»

አያ አንበሶ አፈረ። ዘሎ ጦጣን ሊይዛት ሲል ዛፍ ላይ ወጥታ አመለጠች፤ ገበያው ሁሉ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ጮኸባት።

«ባለቤቱ አንተ ነህ» አለው አያ አንበሶ ጃርትን። «ምን ልሸልምህ?»

«ሽልማትዎን አልፈልግም!» አለ ጃርት እሾሁን እንደገተረ። «ስጮህ ቢሰሙኝ ይበቃኝ ነበር።» የተሰነጠቀ ሥራውን እየጎተተ ሄደ። ቀና ብሎ ሊያየው የደፈረ አውሬ አልነበረም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጃርት ያላለቀ ሥራውን «አሳየኝ» የሚለውን ሁሉ በእሾሁ ነው የሚቀበለው። ያለቀውን ግን ራሱ ተሸክሞ ገበያ ይወጣል። እኔም የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ ለዚህ ነው አበው የሚሉት፦

ሲያምር የኔ ያለ፣ ሲሰነጠቅ የማነው አለ።