ከሳህኑ የተረፈው ምርቃት

ተረቴ ከሩቅ ነው የመጣው፤ ወንበር ስጡት። ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹን እኔ ነኝ የነፋሁት፤ የቱ የቱ እንደሆነ ግን አትጠይቁኝ።

ጭጋግ በማይለቀው አንድ ከተማ እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ዓይናቸው እንደ ኩራዝ ጋዝ እያለቀ ነበር፤ ዛሬ ከትናንት፣ ከሰዓት ከጠዋት ይደክማል። የቀራቸው ምኞት አንዲት ብቻ ናት፤ ብርሃኑ ሳይጠፋ፣ ባለፈው ክረምት ያረፈችውን እህታቸውን አትጠገብን በፎቶ ማየት። አትጠገብ ግንባሯ ላይ ጠባሳ አለ። ስለ ጠባሳው እማማ ስልሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ፎቶውን አትጠገብ ራሷ ከመሞቷ በፊት ከመተማ በፍላሽ ልካላቸው ነበር። እማማም ፍላሿን በመሐረብ ቋጥረው ወደ ዝናሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዱ።

ዝናሽ ፍላሿን ኮምፒውተሯ ላይ ሰካች። ፎቶው ግን፣ "አልከፈትም! የታጨቅሁ ቋጠሮ ነኝ፤ ፈቺው ይፍታኝ" አለ።

ፈቺው በማሽኑ ሆድ ተቀምጦ የፎቶ ቋጠሮ የሚፈታ ፕሮግራም ነው። ማንም በነፃ ይወስደዋል፣ ማንም ገልጦ አሠራሩን ያያል። ከዚህ እስከ ጨረቃ ፎቶ የሚከፍት ማሽን ሁሉ የሚያሠራው እሱን ነው።

"አንተ ፈቺ፣ ፎቶውን ፍታ እንጂ!" አለች ዝናሽ።

"አልፈታም! በፈታሁ ቁጥር ዘበኛው አንገቴን ያንቀኛል።"

ፎቶው አልከፈትም አለ፣ ፈቺው አልፈታም አለ፤ እማማም እህታቸውን ሳያዩ ቀሩ።

የማሽኑ ዘበኛ ጢሙ ሰባት ክንድ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ከኋላው ጫፉ የማይታይ አዳራሽ አለ። ሰማያዊ ጭጋግ ተኝቶበታል፤ በጭጋጉ ውስጥ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ማሽኑ የሚያስታውሰው ሁሉ በየሳህኑ ተቀምጦ ያንቀላፋል።

"አንተ ዘበኛ፣ ፈቺውን ልቀቀው።"

"አልለቅም! ሲቀዳ ከሳህኑ አልፎ ጎረቤት ሳህን ላይ ያፈሳል። ዛሬ ያፈሰሰው ፎቶ ነው፤ ነገ አንዱ ሌባ በዚያው በኩል የራሱን ትእዛዝ አፍስሶ ቤቱን ይወርሰዋል። ሳህኑ ይስፋ!"

ፎቶው አልከፈትም አለ፣ ፈቺው አልፈታም አለ፣ ዘበኛው አልለቅም አለ፤ እማማም እህታቸውን ሳያዩ ቀሩ።

ሳህኑ አዛጋ። "አልሰፋም! ቋጠሮው ላይ የተለጠፈው ወረቀት 'ስምንት ማንኪያ' ይላል። ፈቺው ወረቀቱን አምኖ የስምንት ማንኪያ ሳህን አደረገኝ፤ የሚቀዳብኝ ግን አሥራ ሁለት ነው! ለክቶ እንዲቀዳ የሠራው ሰው ያርመው።"

ፎቶው አልከፈትም አለ፣ ፈቺው አልፈታም አለ፣ ዘበኛው አልለቅም አለ፣ ሳህኑ አልሰፋም አለ፤ እማማም እህታቸውን ሳያዩ ቀሩ።

ፈቺውን የሠራው መምህር መኩሪያ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሒሳብ ያስተምራል። ዓለም የሚገለገልበትን ፕሮግራም ከክፍል መልስ፣ ብቻውን፣ ያለ ክፍያ ይጠግናል። ዝናሽ ደወለችለት።

"መምህር፣ ፈቺዎ ያፈሳል፤ ያርሙልን።"

"እህቴ፣ በሳምንት ሺህ ሰው 'ያፈሳል' ይለኛል። ያፈሰሰውን ቋጠሮ ካላየሁ አላርምም፤ የት ጋ እንደሚያፈስ በምን አውቄ? ፎቶውን ላኪልኝ።"

"አልሰጥም!" አሉ እማማ። "እኔ ያላየሁትን የእህቴን ፊት ባዕድ ሊያየው? ደሞ የእሱ ሥራ ለሁሉም የተገለጠ ነው ብለሽኝ የለ? አገር ምድሩ ሊያያት ነው?"

ዝናሽ ሳቋ አመለጣት። "እንግዲህ ይቁጠሩ እማማዬ! ፎቶው አልከፈትም አለ፣ ፈቺው አልፈታም አለ፣ ዘበኛው አልለቅም አለ፣ ሳህኑ አልሰፋም አለ፣ መምህሩ አላርምም አለ፣ እማማ ደብሪቱ አልሰጥም አሉ። ስንቱን ስንለማመጥ ውለን፣ ጫፉን የያዙት እርስዎ ነዎት!"

እማማ የዝናሽን ቀሚስ ጠጋ ብለው አዩ። "ይሄ አረንጓዴ ቀሚስሽ ያምርብሻል" አሉ።

"ቀይ ነው፣ እማማ።"

እማማ እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉ። "ልጄ፣ ፊቷን ታያለህ?"

"አላይም፣ እማማ። የምለካው የቋጠሮውን አፍ ብቻ ነው። ለሕዝብ የማወጣው እርማቴን እንጂ ፎቶዎን አይደለም፤ ስጨርስም አጠፋዋለሁ።"

"በእናትህ?"

"በእናቴ።"

"እንግዲያው እንካ።"

መምህሩ ለካና ሳቀ፤ የሳቁ ማዕበል ሻሸመኔ ድረስ ሰው አራሰ። የመተማው ፎቶ አንሺ ለካ ምርቃት የሚወድ ኖሯል! እህል ሻጭ ሰፍሮ ሲያበቃ አንድ እፍኝ እንደሚጨምር፣ እሱም ፎቶውን ሰፍሮ፣ ወረቀቱን ለጥፎ ሲያበቃ፣ ደንበኛው የተናገረውን ቃል በነፃ ይጨምርበታል። ወረቀቱን ግን አላረመውም። መምህሩ አንዲት መስመር ጻፈ፦ መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ቅዳ። ከዚህ እስከ ጨረቃ ያለ ማሽን ሁሉ መስመሯን ወሰደ።

እማማ ሰጡ፣ መምህሩ አረመ፣ ሳህኑ ሰፋ፣ ዘበኛው ለቀቀ፣ ፈቺው ፈታ፣ ፎቶው ተከፈተ!

እማማ አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ለጥፈው አዩ። ፍንጭቷን አዩ። የግንባሯን ጠባሳ አዩና ትንፋሻቸው መስታወቱን ጭጋግ አለበሰው። ዝናሽ በእጅጌዋ ወልውላ፣ ከፎቶው ሥር የወጣውን ምርቃት አነበበችላቸው፦

"ደብሪቱ፣ ለእማዬ 'በር መታኝ' ብዬ የዋሸሁት ላንቺ ብዬ ነው። ያቺን ድንጋይሽን ያኔውኑ ይቅር ብዬሻለሁ። በይ አሁን ሳቂ።"

እማማም ሳቁ።

እኔም ተረቴን ስምንት ማንኪያ ብዬ ጀምሬ አሥራ ሁለት ቀዳሁላችሁ። ሳህናችሁን አስፉ፤ ትርፉን መልሼ አልቀበልም።