በፍጥነት የተሰማ ሐዘን

አንድ የብዙ ሰው የንስሐ አባት የሆኑ ቄስ ነበሩ፤ ቄስ ኅሩይ ይባላሉ። ከተማው እየሰፋ፣ የንስሐ ልጆቻቸውም እየተበተኑ ሲሄዱ ቤት ለቤት መዞሩ አቃታቸውና ዘመናዊ ስልክ ገዙ። ስልኩም ጠቀማቸው። ዓረብ አገር ያለችው የንስሐ ልጃቸው በድምፅ መልእክት ታማክራቸዋለች፤ ሆስፒታል ለተኛው ጸሎት ይልኩለታል።

እያደር ግን መልእክቱ በዛ። ምሳ እየበሉም፣ መንገድ ላይም ያዳምጣሉ። ቶሎ እንዲያልቅላቸው ድምፁን እያፈጠኑ መስማት ጀመሩ። ሁልጊዜ አዲስ መልስ መቅዳቱም ስለሚያደክማቸው፣ ለአንዱ የተናገሩትን ለሌላው ማስተላለፍ ለመዱ።

ከንስሐ ልጆቻቸው አንዱ፣ አናጺው ደርበው፣ ሚስቱ ሞተችበት። ፍትሐቷን ያደረሱት ራሳቸው ነበሩ። ከአርባዋ በኋላ ደርበው ረጅም የድምፅ መልእክት ላከላቸው። ቄሱ ታክሲ ውስጥ ሆነው እያፈጠኑ ሰሙት፤ ነገሩ የሐዘን መሆኑ ሲገባቸው ግማሹ ላይ አቁመው ቀደም ሲል የቀዱትን የማጽናኛ ቃል አስተላለፉለት። ደርበው ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። እሳቸውም ተጽናንቷል ብለው ፈጣሪን አመሰገኑ።

ወራት አልፈው እኅቱን ስንቅነሽን ደጀ ሰላም አገኟት።

«ደርበው እንዴት ነው? ከጠፋብኝ ቆየ» አሏት።

አንገቷን ደፋች። «አባ፣ የላኩለትን እኔም አብሬው ሰምቻለሁ። ‹የእናትህን የወለተ ሐናን ነፍስ ያሳርፍልህ› ይላል። እናታችን በሕይወት አለች። የሞተችው ሚስቱ ወለተ ሥላሴ ናት። ያን ሰምቶ ስልኩን አጥፍቶ አስቀመጠው።»

ቄሱ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የደርበውን መልእክት ፈልገው፣ ሳያፈጥኑ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙት። መሐል መሐሉ ላይ ረጅም ዝምታ አለው። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «አባ፣ ቤቱ አስፈራኝ። ከቻሉ አንድ ቀን ብቅ ይበሉልኝ።»

በማግሥቱ ሄዱ። ደርበው መስቀል ተሳልሞ ወንበር ሰጣቸው።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር።»

«ያን ጊዜ የከበደህን አሁን ንገረኝ። እስክትጨርስ እቀመጣለሁ።»

«አባ፣ ቂም አልያዝኩም። ግን ያን ጊዜ ልነግርዎ የነበረው አሁን ከአፌ አይወጣም። ብቻዬን መቻሉን ለምጄዋለሁ» አለ።

ቄሱ እስከ ዛሬ ይመላለሱበታል። ደርበውም በአክብሮት ይቀበላቸዋል፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ዝናቡ ያጫውታቸዋል። ስለ ሚስቱ ግን አንድም ቀን አንሥቶ አያውቅም።

ስልኩ ጥፋት የለበትም፤ ሩቅ ያለውን ሰው አቅርቧል። ቄሱም ቸኮሉ እንጂ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን የተጨነቀ ሰው ልቡን የሚከፍትበት ጊዜ አለው። ያንን ጊዜ በችኮላ ካለፍነው ይቅርታውን ብናገኝ እንኳ ጊዜውን መልሰን አናገኘውም።

እስኪ ስልክዎን ይመልከቱ፤ ግማሹን ብቻ ሰምተው «አይዞህ» ብለው ያለፉት ሰው ይኖር ይሆን?